ድምፆቹ የነበሩበት ዲስክ

ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ከአልጋቸው ሳይወርዱ ሚስታቸውን ሊጠሩ መሣሪያውን ተጫኑት፤ ድምፃቸው አልወጣም። ደግመው ተጫኑ። መዳፍ የምታህለው ሳጥን እፍ እንደ ማለት ብላ ዝም አለች። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ሚስታቸውን የሚጠሩት፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚጨቃጨቁት፣ ባለሱቁን ስለ ዋጋ የሚነዘንዙት በዚያች ሳጥን ነው። ቃሉን ይጽፉላታል፤ እሷ በገዛ ድምፃቸው ትናገርላቸዋለች። ያን ቀን ግን ግድግዳ እየደበደቡ ነው ሚስታቸውን የጠሩት።

ረፋዱ ላይ የሆስፒታሉ ስልክ በዘመዶች ጥሪ ተጨናነቀ። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው እንዳይደውሉ በምን አንደበታቸው?

ሆስፒታሉ ውስጥ «ድምፅ ቤት» የሚሉት ክፍል አለ። ማንቁርታቸው ሊወጣ ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች አስቀድመው እዚያ ይገቡና ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ይውላሉ። የተቀረጸው ድምፅ በአንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሳጥኖቹ ሁሉ የየባለቤታቸውን ድምፅ የሚቀዱት ከዚያ ነው። የተበላሸው ያ ዲስክ ነበር። ባክአፕ የሚሉት ግልባጭም ነበረው፤ ነገር ግን በየቀኑ አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለሚገለበጥ ግልባጩ ብልሽቱን ሳያስቀር ወስዶታል።

ፖሊስ ተጠራ። ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ሌባ ይዛለች፣ ፊርማ አስመሳይ ይዛለች፣ ወንድሙን የገደለ ይዛለች። ከኮምፒውተር ጋር ግን ያላት ዝምድና የሩቅ ዘመድ ዓይነት ነበር፤ የሚገናኙት ክፉ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው።

*

የሰርቨር ክፍሉ ምድር ቤት ነበር፤ ብርድ፣ የማያቋርጥ የማራገቢያ ጩኸት፣ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ጥቁር ኮምፒውተሮች። አንድ ሽበታም ሰው ስክሪን ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። የሆስፒታሉ የመረጃ ማከማቻ ሁሉ በእሳቸው እጅ ስለሆነ ሠራተኛው ጋሽ ግምጃ ይላቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ በዚህ ነገር ደንቆሮ ነኝ፤ እንደ ሕፃን ያስረዱኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሰውዬው ዓይናቸውን አሹ። ጺማቸው አልተላጨም።

«ይህ ቁም ሣጥን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በሆዱ ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። አካል የላቸውም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ራሴን የቻልኩ ነኝ ባይ ነው።»

«አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ተከራዮች?»

«ጥሩ ብለዋል፤ ተከራዮች። ዲስኩ ደግሞ ዕቃ ቤት ነው። ተከራዩ ከእንቅልፉ በተነሣ ቁጥር ዕቃ ቤቱን የምታስረክበው አንዲት የትእዛዝ ጽሑፍ አለች፤ ስክሪፕት እንላታለን። እኔ ነኝ የጻፍኳት። ሰሞኑን ማስረከቡ ላይ ታስቸግር ነበርና ሽቦ ሲጠግናት ከረመ።»

«ሽቦ ማነው?»

«ረዳቴ ነው። መሐንዲስ ነው። ቅጥነቱን አይተው ነው ያወጡለት።» ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

«ታዲያ ማነው ድምፆቹን የሰረዘው?»

«አልተሰረዙም። ተደበላልቀዋል። ሁለት ተከራይ አንድ ዕቃ ቤት ተረክበው፣ ሁለቱም ብቻዬን ነኝ ብለው ካሰቡ፣ አንዱ ያስቀመጠበትን ሌላው ባዶ ቦታ መስሎት ይጭንበታል። ትናንት የድምፅ ቤቱ ማሽን ዲስኩን እንደያዘ ሌላ ማሽን ተረከበው። እንደዚያ ነው የሆነው።»

«ሊስተካከል ይችላል?»

«አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው» አሉና ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ። «ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሰው ሲዋሽ ትከሻው ላይ ታውቅበታለች፤ የእኚህ ሰው ትከሻ ውሸት አልነበረበትም። የነበረው ድካም ነው። እንዲያውም አሳዘኗት።

*

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የወንጀለኛውን ስም ይዞ ጠበቃት።

«አይድከሙ፤ ሽቦ ነው» አለ፣ ገና ወንበሩን ሳትስብ። «ሁለተኛው ማሽን ዲስኩን ሲረከብ ትእዛዙ የሄደው በማን ስም መሰለዎት? በእሱ! ትናንት ደግሞ እዚች ቆሞ ‹አንድ ቀን ይህ ቤት ዝም ይላል› ብሎ ዝቶብኛል። ጸሐፊዬ በጆሮዋ ሰምታለች።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ተጨማሪ የባክአፕ ማከማቻ ይገዛ ብሎ ይነዘንዘኛል። በጀት የለም አልኩት። እብሪተኛ ነው።»

ዛቻ አለ፣ ስም አለ፣ ቂም አለ። ብዙ መርማሪ ከዚህ ባነሰ ነገር መዝገብ ዘግቶ ቤቱ ገብቷል። ሽቦ ከሰዓት በኋላ ታሰረ። ዐቃቤ ሕጉም በስልክ፦ «ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቅርቢልኝ፤ ሆን ብሎ ማጥፋት ብለን እንከሳለን። ሕሙማን ተጎድተውበታል፤ በትንሽ ዓመት አይወጣም» አላት።

*

የሽቦ ቅጥነት እውነትም ለጉድ ነበር። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እጆቹን የሚያሳርፍበት አጥቶ ጠረጴዛውን እንደ ኪቦርድ ይነካካዋል።

«ዝተሃል ወይስ አልዛትክም?»

«አስጠነቀቅሁ እንጂ መቼ ዛትሁ! አንድ ዲስክ፣ አንድ ግልባጭ፣ እሱም በየቀኑ በላዩ ላይ የሚጻፍ! አንድ ነገር ቢሆን ይህ ቤት ዝም ይላል አልኩ። ይኸው ሆነ። አፌን በቆረጠው።»

«ትእዛዙስ በስምህ መሄዱ?»

«እሱ ነው የማይገባኝ። ሁለተኛ ማሽን ላይ ምን አቆመኝ?» አለና እንባው መጣ። «እነዚያን ሰዎች እኮ አውቃቸዋለሁ። ሳጥናቸው ሲያስቸግር የማስተካክልላቸው እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ሁልጊዜ ‹ወፈር በል› ይሉኛል። ጋሽ ግምጃን ይጠይቁልኝ፤ ይህን ነገር የሚፈታ ቢኖር እሳቸው ናቸው። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ማለት ናቸው።»

ስትወጣ የሽቦ ታላቅ እህት በር ላይ ስንቅ ይዛ ቆማለች። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

«እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ጉንዳን አይረግጥም» አለቻት።

ኢንስፔክተሯ ይህን ቃል ከስንት እህት ሰምታለች። ጉንዳን የማይረግጡ ሰዎች ሰው ሲረግጡም አይታለች። ይሁን እንጂ እነዚያ ጠረጴዛ የሚነካኩ ጣቶች ከዓይኗ አልጠፉም።

*

ሳጅኑ የራሱን ግምት ይዞ መጣ። ኮምፒውተር እንደ ፊልም የሚወድ ወጣት ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የምጠረጥረው ሥራ አስኪያጁን ነው። የድምፅ ቤቱን ሥራ ለአንድ የግል ድርጅት ሊያስተላልፍ ሲደራደር ነበር። ቤቱ ከተበላሸ ‹አያችሁ፣ እኛ አልቻልንም› ብሎ ያስረክባል። ከባክአፑ ጋር አያይዙት እንግዲህ!»

ደስ የሚል ግምት ነበር። ሥራ አስኪያጁን ማሰር ለኢንስፔክተሯም ቅር የሚል ነገር አልነበረም። ድርጅቱ ዘንድ ሄዱ። ተቀባያቸው ግን ፊቱ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

«እኛ የምንወስደው ያንኑ ድምፅ ነበር እኮ» አላቸው። «ማንቁርቱ የወጣ ሰው ተመልሶ አይቀረጽም። ዲስኩ ከሌለ የምንረከበው ምኑን ነው? ኮሪደሩን?»

ሲመለሱ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሳጅኑ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለ ለራሱ።

*

ድምፅ ቤት ውስጥ የምትቀርጸው ሴትዮ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አገኟት። ክፍሏ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን ያለበት ነው፤ በመስታወት ወዲያ ማዶ ጠባብ ኮሪደር ይታያል።

«አይ የእኔ እናት፣ ሰው እንዴት ብሎ ሲቀረጽ ባየሽ» አለቻት። «መጀመሪያ ያፍራል። ከዚያ ይለምደዋል። መጨረሻ ላይ ‹የፈለግሽውን ተናገሪ› ስላቸው ያኔ ነው የሚጨንቀኝ፤ ወጥቼ አልቅሼ እመለሳለሁ።»

«ሰውየው ቢሞትስ? ድምፁ ይቀመጣል?»

«ኧረ ይሰረዛል። ደንብ ነው፤ ሲቀረጹ የሚፈርሙት ነው። ድምፅ ከዲስኩ ወጥቶ የትም አይሄድም፤ ባለቤቱ ሲያርፍ ይጠፋል። ለጋሽ ግምጃ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይሰርዙታል።» ሴትዮዋ ተነፈሰች። «የገዛ ሚስታቸውንም እንዲሰርዙ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው። እዚች ወንበር ላይ ነበር የተቀረጸችው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልሰነበተችም፤ ሳጥኗን እንኳ አልለመደችውም።»

«ሰረዟት?»

«እሽ አሉኝ። እሳቸው እሽ ካሉ አለቀ። በዚህ ቤት አንድ ፋይል ከደንብ ውጭ ነክተው አያውቁም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ተዉ። ምሳ ሰዓት ሲሆን እዚያ ብርድ ቤታቸው ውስጥ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይቀመጣሉ። ሙዚቃ ይሆናል እንግዲህ፤ ሐዘን ይገፋል።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ‹ማዳመጫ› ብላ ጻፈች፤ ገና ለምን እንደሆነ አታውቅም።

*

ወደ ምድር ቤት ተመለሰች። ጋሽ ግምጃ ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጎናቸው የነበረው ሻይ ቀዝቅዞ ሰፍፏል።

«ሁለት ነገር ብቻ፣ ጋሼ። ሁለተኛው ማሽን ዲስኩን የተረከበው መቼ ነው?»

«ምሳ ሰዓት።»

«ትእዛዙ የሽቦን ስም ስለያዘ ያዘዘው እሱ ነው ማለት ነው?»

ሽማግሌው ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «አይደለም። የሚወጣው የተጠገነውን ስክሪፕት ያስገባው ሰው ስም ነው። ከገባ በኋላ ያስነሣው ማንም ይሁን ማን፣ የሚታየው የሽቦ ስም ነው።»

«ይህን ለሥራ አስኪያጁ ለምን አልነገሩትም?»

«አልጠየቀኝም።»

መልሱ እንግዳ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግን የጠበቃት መልስ ይብሳል።

«ሽቦ የዛተብዎት ትናንት መቼ ነው?» አለችው።

«ምሳ ሰዓት። ምሳዬን አስቀርቶኛል፤ ካላዳመጥከኝ አልወጣም ብሎ የምሳው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ እዚሁ ቆሞ፣ ጸሐፊዬም...» ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እብሪተኛ እንጂ ጅል አልነበረም።

«እንግዲህ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ተከሳሹ ወንጀሉ ሲፈጸም የት እንደነበረ የሚመሰክሩለት ከሳሹ ራስዎ ነዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለማንኛውም፣ የባክአፕ ማከማቻውን ዛሬ አዝዣለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልትለው አሰበችና ተወችው።

*

ዐቃቤ ሕጉ ግን በጅ አላለም። «ስሙ አለ፣ ዛቻው አለ። ሌላ ሰው ነው ካልሽ ሌላውን ሰው አምጪ። ካላመጣሽ ነገ ይቀርባል።»

ስለዚህ ኢንስፔክተሯ እንደገና ሽቦ ፊት ተቀመጠች።

«ስለዚያች ስክሪፕት ከመጀመሪያ ንገረኝ። ምን ነበር ብልሽቷ?»

ስለ ሥራው ሲጠየቅ የልጁ ፊት በራ። «ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሣ ዲስኩን አጣሁት ይል ነበር። ሲጤን፣ ስክሪፕቷ ውስጥ አንዲት ጠባቂ መስመር አለች፤ ዲስኩ ሌላ ማሽን ዘንድ ካለ አላስረክብም የምትል። ማሽኑ ሲዘጋ ማከማቻው ቶሎ አይነቃም፤ ዲስኩ አሁንም እንደተያዘ ይመስለዋል። ጠባቂዋም እሱን አምና ባለቤቱን ራሱን ከበር ትመልሳለች።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እስኪስተካከል ጠባቂዋን አነሣኋት። ሌላም ነገር ነበረች፤ ዲስኩን ለንባብ ብቻ የምታስረክብ መንገድ። እንዲህ ያለው ተከራይ ማየት እንጂ መንካት አይችልም፤ ስለዚህ ጠባቂዋም ታሳልፈዋለች፣ ጉዳትም የለውም። የሚጠቀምባት ስለሌለ እሷንም አወጣሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ርክክብ፣ ከነመጻፉ።»

«የሚጠቀምባት እንደሌለ በምን አወቅህ?»

«ጠይቄ ነዋ! እንደዚህ ያለ ነገር ሳይጠይቁ ይነካል? ‹ይህ ዲስክ ከድምፅ ቤቱ ማሽን ሌላ የሚያያዝበት አለ?› ብዬ ጋሽ ግምጃን...»

አቆመ።

«ምን አሉህ?»

«‹የለም› አሉኝ።»

«ማሽን ላይ ዲስክ አያይዝ ብሎ ማዘዝ የሚችል ስንት ሰው ነው?»

ሽቦ መልሱን ያውቀው ነበር። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አሉ። «ሁለት ነን» አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ኢንስፔክተር፣ አይሆንም። እሳቸው አያደርጉትም። ይልቅ እኔ ነኝ ብለው ይጻፉ።»

*

ሳጅኑን ውጭ አቁማ ብቻዋን ገባች። ጋሽ ግምጃ ቀና ብለው አዩዋት፤ ለመምጣቷ የተዘጋጁ መሰሉ። ማዳመጫው ከስክሪኑ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ባዶ ነበር።

«ምሳ ሰዓት ምን ነበር የሚሰሙበት፣ ጋሼ?»

ማራገቢያው ይጮሃል። ሽማግሌው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ሚስቴን» አሉ።

ኢንስፔክተሯ የቀረውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የታፈነ ነገር መንገድ ካገኘ ራሱ ይወጣል።

«ሰርዝ ተባልኩ፤ አልሰረዝኩም። በዕድሜዬ የጣስኩት ደንብ ያ ብቻ ነው። ለሙከራ ያስቀመጥኩት አንድ ማሽን ነበረኝ፤ በእሱ በኩል ዲስኩን ለንባብ ብቻ እረከብና አንድ ጊዜ ሰምቼ እመልሳለሁ። ማንንም አይነካም። ስሰማት ማንም አይጎዳም ነበር።»

«ለምን ቀድተው አልወሰዱትም? ኪስ ውስጥ በሚገባ ነገር? እቤትዎ ሆነው ይሰሙ ነበር።»

ሽማግሌው እንደ ተሰደቡ አዩዋት። «የሕሙማን ድምፅ ነው። ከዚህ ቤት አንድ ፋይል አውጥቼ አላውቅም። እሱማ ስርቆት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሌቦች አይታለች፤ እኚህ ሰው እንደ ሌባ ቢያስቡ ኖሮ አንድም ሕመምተኛ ድምፁን አያጣም ነበር። ይህን በማሰቧ ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

«ሽቦ ጠይቆዎት ነበር።»

«ጠይቆኛል። ትናንት ጠዋት፣ እዚሁ ቆሞ። ‹ሌላ የሚያያዝበት አለ?› አለኝ። አለ ብለው ማን ነው ሊለኝ ነው። ልጅ ነው፤ የሙት ድምፅ ሰርቆ የሚያዳምጥ ሽማግሌ ብሎ እንዳያየኝ አፈርኩ። ‹የለም› አልኩት። ስክሪፕቱን ማታ የሚያስገባው መስሎኝ ነበር፤ እስከዚያ የእኔን መላ አበጃለሁ ብዬ። እሱ ግን ሥራ አስኪያጁ ሲጠራው ጊዜ ሠርቶ መጨረሱን ሊያሳይ ቶሎ አስገብቶ ወጣ። እኔም ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ እንደ ወትሮው አዘዝኩ።»

«ልጁ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በእርስዎ ቦታ።»

«አውቃለሁ።» አንገታቸው ወረደ። «የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው። ብናገር ዛሬውኑ ትወስዱኛላችሁ። እኔ ከዚህ ከተነሣሁ የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ድምፅ የሚለቅም የለም። ድምፆቹን ላውጣና እጄን እሰጣለሁ ብዬ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።»

«አንድ ሰው አለ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እርስዎ ዝም ብለው ያሳሰሩት።»

ጋሽ ግምጃ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ይህን አላሰቡትም ነበር። ያን ሁሉ የማሽን ብልሽት ፈልገው የሚያገኙ ሰው፣ ይህችን ግን አላዩዋትም።

*

ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። ዐቃቤ ሕጉ ተነጫነጨ፤ ሽቦ ተፈታ። እህቱ በር ላይ አንገቱን አንቃ ስታለቅስ ሳጅኑ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ልጁ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም።

ሰርቨር ክፍሉ ሲገባ ኢንስፔክተሯ በጥበቃ እንዲሠሩ የፈቀደችላቸው ጋሽ ግምጃ ከወንበራቸው ተነሡ። ሽማግሌ ለልጅ ሲነሣ ማየት ደስ አይልም።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ ሽቦ።

«ጠይቀኸኛል።»

«‹አለ› ቢሉኝ ምን እላለሁ ብለው ነው? አንድ መስመር ጨምሬ አሳልፍልዎት ነበር እኮ። ማንም ሳያውቅ።»

ሽቦ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የቀረውን ወንበር ሳበና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ።

«የት ደረሱ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ትከሻ ለትከሻ ሠሩ። ሳጅኑ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ቀን እስረኛውን ያመጣል፣ ሲመሽ ይመልሳል። አንዱ የተደበላለቀውን ሲፈታ ሌላው ይፈትሻል። በመካከላቸው ከሥራ ነገር በቀር አይነሣም። ኢንስፔክተሯ ሌላ መዝገብ ነበራት፤ ግን ሰበብ እየፈለገች ትመጣ ነበር።

ድምፆቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጀመሪያ የአንዲት ነጋዴ፣ ቀጥሎ የአንድ ሹፌር። የርዕሰ መምህሩ ተራ ሲደርስ ራሳቸውን ጠሯቸው። ሳጥናቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ከሚስታቸው ጋር መጡ፣ ቀስ ብለው ጻፉ፣ ተጫኑ።

«ዝም ባልኩባቸው ቀኖች» አለች ሳጥኗ ወፍራም በሆነ የአስተማሪ ድምፅ፣ «ይህች ሴት ክርክሩን ሁሉ አሸንፋ ጨረሰች።»

ሚስትየው ሳቀችና ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። ቀራጯም አለቀሰች። ርዕሰ መምህሩ ወደ ሽቦ ዞረው ሌላ ነገር ጻፉ፤ «ወፈር በል» አለች ሳጥኗ። ጋሽ ግምጃ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሽቦ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረ። «ጋሼ፣ አንድ ድምፅ ቀርቷል...» አለ።

«ተወው» አሉ ሽማግሌው።

ኢንስፔክተሯ አልገባትም። ሽቦ እየተንተባተበ አስረዳት፤ ያ የሙከራ ማሽን ድምፅ ሲያጫውት አጠገቡ ማስታወሻ ይጽፋል። ለንባብ ብቻ ሲረከብ መጻፍ አይችልም ነበር፤ ያን ቀን ግን ተፈቀደለትና ጻፈ። ባዶ ቦታ መስሎት የጻፈው ካጫወተው ድምፅ ላይ ነው። የሌሎቹ ተደበላልቆ ነበር፤ የእሷ ግን ተጽፎበታል። የተጻፈበት አይመለስም።

«መጀመሪያ የፈለግሁት እሷን ነው» አሉ ጋሽ ግምጃ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።»

«እያወቁ ነው ይህን ሁሉ ቀን የሠሩት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የሌሎቹ ነበረ እኮ።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና ወጡ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ከወገቧ አላወጣችም። ደረጃውን አብራቸው ወጣች፤ በድምፅ ቤቱ መስታወት አጠገብ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። ወዲያ ማዶ ባዶ ወንበርና ማይክሮፎን ይታያል።

«ምን ነበር የምትለው?» አለች፤ ብትጠይቅ ደግ ይሁን ክፉ ሳታውቅ።

«ምንም። ንባቧን ጨርሳ ‹የፈለግሽውን ተናገሪ› ብለዋት ሳለ እኔ እዚህ ቆሜ መስታወቱን አንኳኳሁባት። ትራንስፖርት ሊያመልጠን ነው ብዬ። ዞር ብላ ‹መጣሁ፣ መጣሁ! ምን ያጣድፍሃል?› አለችኝ። ቀረጻው ያልቆመ መሆኑን አላወቀችም። ሁልጊዜ የምሰማው እሱን ነበር።»

«ቃሉ እንኳ አለዎት።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ፤ ሻካራ፣ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ። ቆም አሉና እንደገና ሞከሩ፤ ዝግ አድርገው፣ ቀጠን አድርገው። «ምን ያጣድፍሃል።»

ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ» አሏት። «ቃሉ አለኝ። ግን እንዴትም ብዬ ብለው የሚወጣው የእኔው ድምፅ ነው።»

እሷም ክንዳቸውን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።